የንጹሁ ግቢ ጉድጓድ

የወርቅቱ ላም ውሃ አልጠጣም ያለችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቦራ ትባላለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ በቀን አሥራ አራት ሊትር የምትታለብ ጥጋበኛ ላም ናት። ወርቅቱ እንደ ወትሮዋ ከጉድጓዷ ቀድታ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችላት። ቦራ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች። በጨው አባበለቻት፤ ወይ ፍንክች። ገንዳውን አጥባ ሌላ ቀዳችላት፤ ወይ ፍንክች። ሰው ቢሆን ይሉኝታ ይዞት አንድ ጉንጭ ይጎነጭ ነበር። ላም ግን ይሉኝታ አታውቅም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ውሃው መሽተት ከጀመረ ሰንብቷል። ወርቅቱ ራሷ "ጀሪካኑ ነው" እያለች ሦስት ጀሪካን ቀይራለች። ጎረቤቶቿ "ዘንድሮ ምን ያልሸተተ ነገር አለ?" ብለው አልፈውታል። ወተት የምትረከባት የምግብ ቤት ባለቤት ስንዱ "ወተትሽ ጋዝ ጋዝ አለኝ" ብላ ሁለት ቀን ስትመልስባት እንኳ ወርቅቱ የጠረጠረችው የስንዱን ተንኮል ነበር። ነገሩ የከረረው ላሟ ስትመሰክር ነው።

በዚያው ቀን ሰፈሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰበሰበ። አንዱ ያሸታል፣ አንዱ ጣቱን ነክሮ ይልሳል፣ አንዱ ሳያሸትም ሳይልስም አስተያየት ይሰጣል። በባልዲው ውሃ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ቅባት ተንሳፍፎ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎንበስ ብሎ አየና "ይሄማ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ስኖርበት የኖርኩት ሽታ ይጠፋኛል?" አለ። ከዚያ በኋላ ጠያቂም መርማሪም አላስፈለገም። የሁሉም ዓይን በአንድ ጊዜ ወደ ብዙነህ ጋራዥ ዞረ።

ብዙነህ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ሰበታ ላይ ጋራዥ ከከፈተ ሦስት ዓመቱ ነው። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቦታ ተከራይቶ፣ ከሚስቱ ከፀዲ ጋር እዚያው ጥግ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ጥሩ መካኒክ ነው፤ ዋጋ አይቆልልም፣ የሰው ዕቃ አይነካም። ግቢው ግን ጥቁር ነው። መሬቱ ጫማ ይይዛል፣ ዝናብ ሲመታው ውሃው አይሰርግም፣ አረም እንኳ አይበቅልበትም። ለነገሩ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ መሬቱ ያልጠቆረ ጋራዥ ያየ ሰው እጁን ያውጣ። ግን ማን እንዲህ ብሎ ያስባል? ውሃ ተበላሽቷል፣ ጥቁር መሬት ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ አለቀ።

"ሽማግሌ ይቀመጥ" ተባለ። ሰብሳቢው ማን ይሁን የሚል ጥያቄ አልተነሳም፤ ኦቦ ቀጄላ ናቸዋ!

ኦቦ ቀጄላ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። በወርቅቱና በብዙነህ ግቢ መሃል ባለው ርስታቸው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ጋራዥ ነበራቸው። የአሁን መኪና ከመዶሻ ይልቅ ኮምፒውተር ሲፈልግ ጊዜ "ይብቃኝ" ብለው ዘጉት፤ ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ታዲያ ያ ጋራዥ ሥራ ላይ እያለ አንድ ጠብታ ዘይት መሬት ላይ ታይቶ አያውቅም። ለማጅ መካኒክ ቢያፈስ ያባርሩት ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ዛሬም ግቢው ሣር ነው፤ አጥሩ ሥር ቀይና ነጭ ጽጌረዳ አለ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ "ንጹሁ ግቢ ጋ ውረድ" ነው የሚሉት። ስለ ዘይትና ስለ መሬት የሚፈርድ ሰው ሲፈለግ ከእሳቸው ሌላ ማን ሊጠራ ነው?

መልእክተኛው መጥቶ ሲነግራቸው ኦቦ ቀጄላ "እሺ" አሉ። አጥሩን ይዘው ቆሙ። ምክንያቱን የሚያውቁት እሳቸውና ሚስታቸው ዱርሲቱ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ኦቦ ቀጄላ በግቢያቸው የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር። ቆፋሪዎቹ አሥራ አንድ ሜትር ወርደው ዓለት አገኙ፤ ዶማው ተጣመመ፣ ውሃ የለም፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ደረቅ ጉድጓድ ተገትሮ ቀረ። በዚያ ዘመን ሌሎቹ መካኒኮች የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ ይለቁት፣ ወንዝ ዳር ይደፉት፣ ያም ካልሆነ እግራቸው ሥር ያፈሱት ነበር። ኦቦ ቀጄላ ይህን ሲያዩ ይጸየፋሉ። እና አንድ ቀን አሰቡ፦ ከላይ ካፈሰስኩት ሣሩን ይገድላል፤ እዚያ ታች ከገባ ግን ማንን ይነካል? ለምስጥ ብሎ ቋሚ እንጨት የሚቀባ ሰው ሲጠይቃቸው በነፃ ይሰጣሉ፤ ሠርግ ሲኖር አቧራ እንዳይነሳ መንገድ ላይ የሚረጭም ይወስዳል። የቀረውን፣ እሱም ብዙ ነው፣ ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ወደ ጉድጓዱ ይገለብጡታል።

አሥራ ስምንት ዓመት ገለበጡ። ጉድጓዱ አንድም ቀን አልሞላም። ይህ ራሱ ሊያስደነግጣቸው ይገባ ነበር፤ እሳቸውን ግን ደስ ነበር የሚላቸው። ጋራዡን ሲዘጉ አፉን በሲሚንቶ ደፈኑና በላዩ ላይ በረንዳ ሠሩበት። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ወርቅቱ የምትጠቀምበትን ጉድጓድ ያስቆፈረው ባሏ ኦዳ ነው፤ ከእሳቸው ደረቅ ጉድጓድ አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ ከአጥሩ ማዶ። አሥራ አራት ሜትር ላይ ውሃ አገኘ። ኦዳ የኦቦ ቀጄላ የልብ ወዳጅ ነበር። የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ከገባ በኋላ እንኳ "መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል" እያለ የጉድጓዱን ነበር የሚጠጣው። ኦዳ ሁለት ዓመት ሆነው ከሞተ። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። ከምን የመጣ ጉበት ነው የሚለውን ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልመለሰም። ኦቦ ቀጄላ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ።

"ዘይቱ የእኔ ነው" ማለት ያን ያህል አይከብዳቸውም ነበር። ስማቸው ይጎድፋል፣ የሰው አፍ ይበላቸዋል፣ ይለፍ። የከበዳቸው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ቀጄላ መሃል ሆኑ፤ በቀኛቸው ኦቦ ጂሬኛ፣ የጡረታ ሰው፣ ነገር ሳይሰሙ ፍርድ የሚያዘጋጁ፤ በግራቸው ሁለት ሌሎች። ከፊታቸው በአንድ በኩል ወርቅቱ፣ በሌላ በኩል ብዙነህና ቦታውን ያከራየው ሰውዬ። ኦቦ ቀጄላ እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ የት እንደሚያሳርፉት ጠፋባቸው።

ብዙነህ ተነስቶ እጅ ነሳ። "ጃርሶሊ፣ አባቶቼ ሽማግሌዎች፣ እኔ ግቢዬ ንጹህ ነው አልልም፤ ታዩታላችሁ። ብሎን ሲፈታ ይንጠባጠባል፣ ፊልትሮ ሲቀየር ይፈስሳል። ዋናውን ዘይት ግን በበርሜል ነው የማጠራቅመው። እንጨት የሚቀቡ ሰዎች ከተጂ ድረስ መጥተው ይወስዱታል፤ ስልካቸውም አለኝ፣ ይጠየቁ። እኔ ወደ መሬት የለቀቅኩት ነገር የለም።"

"ወንድሜ፣ የመሬትህ መልክ ይናገራል" አሉ ኦቦ ጂሬኛ። "ይሄ የተቀመጥንበት ግቢም እኮ ጋራዥ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት! ሣሩን ተመልከት። ጽጌረዳውን ተመልከት። ሥራው ነው እንዳትለን።"

ሰው ሁሉ ዞሮ ጽጌረዳውን አየ። ኦቦ ቀጄላም እንደ ሌላ ሰው አበባ ዞረው አዩት።

"እኔ የሚመስለኝ" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ውሃውን ወደ ከተማ ወስደን እናስመርምር። ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ…"

"ኦቦ ቀጄላ ደግሞ!" አሉ ኦቦ ጂሬኛ። "ደብዳቤ አጻፍ፣ ማኅተም አስመታ፣ ነገ ተመለስ፣ አለቃው ስብሰባ ነው። እስከዚያ ላሟ ምን ትጠጣ?" በረንዳው በሳቅ ሞላ።

"ብቻውን ነው ጥፋተኛው ለማለት ግን ማስረጃ የለንም።"

"ይሄ የአንቱ ደግነት ነው" አለች ወርቅቱ። ሌሎቹም ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ደግ ሰው፣ እንዲህ ነው እንጂ ሽማግሌ፣ ለበዳይም የሚያዝን። ደግ የሚለው ቃል ኦቦ ቀጄላን እንደዚያ ቀን መርሯቸው አያውቅም። ለመውጣት የሞከሩበት ቀዳዳ ሁሉ በምስጋና ተደፈነባቸው።

ፍርዱ ቀላል ነበር። ብዙነህ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለወርቅቱ አዲስ ጉድጓድ በንጹህ ቦታ ይቆፍርላት። አከራዩ ቀበል አድርጎ "ካልቆፈረ ቦታዬን ይልቀቅ" አለ። ብዙነህ መሬት መሬት አየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡን ያስተዳደረው በዚያች ቦታ ነው፤ ደንበኞቹ የሚያውቁት እዚያ ነው፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ከዜሮ የሚጀምርበት አቅም የለውም። "እቆፍራለሁ" አለ።

"ንጹህ ቦታ የት አለ ታዲያ?" አለ አንደኛው ሽማግሌ።

ወርቅቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ከበረንዳው ወርዳ ከኦቦ ቀጄላ ሣር አንድ እፍኝ ነጨችና በሁለት እጇ ይዛ ፊታቸው ቆመች። "ኦቦ ቀጄላ፣ ማሎ፣ እባክዎ! በሰበታ ከአንቱ ግቢ የበለጠ ንጹህ መሬት የት ይገኛል? ከጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ይስጡኝ። ኦዳ ቢኖር እሱ ይለምንልኝ ነበር።"

ለምለም ሣር ይዞ የሚለምንን ሰው ባዶ እጁን መመለስ በዚያ አገር የሚታሰብ አይደለም። የተጣላ የሚታረቀው፣ ደም የሚደርቀው በዚያ ሣር ነው። ኦቦ ቀጄላ ሣሩን አዩ፤ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሥሩ ላይ ያለው አፈር ቀይና ንጹህ ነው። ስንት ዓመት የተንከባከቡት ሣር ነው! አፋቸውን ከፈቱ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ይጠብቃሉ፣ ብዙነህ ይጠብቃል፣ ወርቅቱ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

"ሀዬ" አሉ። እሺ ማለታቸው ነው።

"ገላቶማ! ገላቶማ!" ምስጋናውና ምርቃቱ ወረደ። ዕድሜ ይስጥዎት፣ መሬትዎ ይባረክ። ኦቦ ቀጄላ "አሜን" አሉ፤ ምን ያድርጉ?

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ዱርሲቱ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደች "እሺ አልክ?" አለቻቸው።

"ሣር ይዛ ለመነችኝ። ምን ልበል?"

"እውነቱን ትላታለህ።"

"እሱን ከነገርኳት ስለ ኦዳ ትጠይቀኛለች።"

"ስለ ኦዳ አንተም አታውቅም።"

"አላውቅም!" አሉ ኦቦ ቀጄላ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። "አላውቅም ማለት ምን ዓይነት መልስ ነው ዱርሲቱ? ባሏን የቀበረች ሴት ፊት ቆሜ አላውቅም ልበላት?"

ዱርሲቱ አንድ ሸሚዝ ሁለቴ አጠፈች። "ካልነገርካትስ ውሃውን ስትጠጣ ልታያት ነው?"

ኦቦ ቀጄላ ዱከም ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ አላቸው፤ እሱ ጋ ሄጄ ልቀመጥ ይሆን ብለው አሰቡ። ግን ሄደውስ? እዚያ ቁጭ ብለው ወርቅቱ ስንት ብርጭቆ እንደጠጣች ሊያስቡ ነው? በማግስቱ በማለዳ ተነስተው ከበረንዳው ጀምረው ግቢውን በእርምጃ ለኩ። ወደ ብዙነህ አጥር በኩል ያለው ጥግ አርባ ሁለት እርምጃ ሆነ። ደግሞም ሽቅብ ነው። ዘይት ሽቅብ አይፈስም፤ ይህን የሚያውቁት እንደ ስማቸው ነው። እዚያ ንጹህ ውሃ ከተገኘ ወርቅቱ ትድናለች፣ ብዙነህም ቦታውን አይለቅም፣ እሳቸውም… እሳቸውም እንደነበሩ ይኖራሉ። በዚያ ሐሳብ ሁለት ቀን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ብዙነህ ለቆፋሪ የሚከፍለው ስላልነበረው ጋራዡን ዘግቶ ራሱ ወረደ። በጎረምሳነቱ አገሩ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ያውቃል። ገመዱን የሚይዝና አፈሩን የሚያወጣ ሰው ሲፈለግ ኦቦ ቀጄላ "እኔ አለሁ" አሉ። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው! ሰፈሩ እንደገና አፉን ሞልቶ አወራላቸው። እሳቸው ግን ገመዱን የያዙት ከደግነት አይደለም፤ ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣውን ባልዲ ከእሳቸው ቀድሞ ማንም እንዳያየው ነው።

መጀመሪያ ቀይ አፈር ወጣ፤ ከዚያ አመድማ፣ ከዚያ ነጭ ሸክላ። እያንዳንዱን ባልዲ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ነበር የሚደፉት። ንጹህ። ሦስት ሜትር፣ ንጹህ። አምስት ሜትር፣ ንጹህ። ልባቸው ትንሽ ትንሽ መመለስ ጀመረች።

በአራተኛው ቀን ለዕረፍት አጥሩ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ብዙነህ ላቡን እየጠረገ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?" አለ። "ይሄን ቦታ የተከራየሁት የእርስዎን ግቢ አይቼ ነው። ለፀዲ አንድ ቀን የእኛም እንዲህ ይሆናል ብያታለሁ። ግን አልቻልኩም። እንዴት ነው ያደረጉት? ያን ሁሉ ዘይት የት ያደርጉት ነበር?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የጠየቃቸው ሰው የለም። ንጹህ ነገር ያየ ሰው ቆሻሻው የት እንደገባ አይጠይቅም። ብዙነህ ዓይን ውስጥ ግን ተንኮል የለም፤ የእጅ ሥራ ምስጢር እንደሚጠይቅ ተማሪ ነው የሚያያቸው። አሁን ብነግረውስ? አሉ በልባቸው። እሱ ብቻ ነው ያለው፤ ቀስ ብዬ፣ እንደ አባት…

"ሰው ይወስደው ነበር" አሉ። "ለእንጨት፣ ለምስጥ።"

"ሁሉንም?"

"አዎ።"

ብዙነህ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ወረደ። ኦቦ ቀጄላ ገመዱን ሲያቀብሉት በራሳቸው አፈሩ። ስንት ዓመት ዝም ብለው ኖረዋል፤ ዝምታን እንደ ውሸት ቆጥረውት አያውቁም። አሁን ግን ዋሽተዋል፤ ያውም እሳቸው ያመጡበትን ዕዳ እየቆፈረ ላለ ሰው።

ስድስተኛው ቀን ስምንት ሜትር አለፉ። ረፋዱ ላይ አንድ ባልዲ ወጣ። ኦቦ ቀጄላ አፍንጫቸውን ማስጠጋት አላስፈለጋቸውም፤ ሽታው ከገመዱ ቀድሞ ደረሰ። ነጩ ሸክላ ላይ ጥቁር ሥር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል፤ በጣታቸው ሲነኩት ይለጠጣል። ከላይ ያለው መሬት ሽቅብ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ከታች ያለው ዓለት ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ማን አይቶት ያውቃል?

ግራና ቀኝ አዩና ባልዲውን ከጽጌረዳው ጀርባ ደፍተው ነጭ አፈር አለበሱት። ሁለተኛውን እንዲሁ። ሦስተኛው ከፊተኞቹ ይጠቁር ነበር። አፈር ሲያለብሱ አንድ ሐሳብ መጣባቸው፦ እስከ መቼ? ውሃው ሲወጣስ ምን ያለብሱታል?

"ጋሼ!" አለ ብዙነህ ከታች። "ጋሼ ያውጡኝ!"

ጎትተው አወጡት። እስከ ክንዱ ጥቁር ሆኗል፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ልክ በዚያን ሰዓት ወርቅቱ ለቆፋሪው ምሳ ይዛ በበሩ ገባች፤ ከኋላዋ ኦቦ ጂሬኛ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ እየመጡ ነበር። ብዙነህ እጁን ዘርግቶ አሳያቸው። አጥሩን አየ፤ ከአጥሩ ማዶ የራሱን ጥቁር ግቢ አየ፤ እንደገና እጁን አየ።

"እኔ ነኝ ለካ" አለ። "እዚህም ደርሷል። እኔ ነኝ።"

"አላልኩም?" አሉ ኦቦ ጂሬኛ።

ብዙነህ አልሰማቸውም። ከጉድጓዱ አፈር ጋር ከወጣው ድንጋይ መሃል ትልቁን አነሳና አንገቱ ላይ አድርጎ ኦቦ ቀጄላ እግር ሥር ተንበረከከ። ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ የተንበረከከ ሰው ድንጋዩ የሚነሳለት በበደለው ሰው እጅ ነው፤ ሌላ ሰው አያነሳለትም። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። "በሽማግሌ ፊት የለሁበትም ብዬ ተከራከርኩ። በእውነት አላወቅኩም ነበር። ያን የመሰለ ግቢዎን አበላሸሁት። እትዬ ወርቅቱ፣ አንቺም ይቅር በይኝ።"

"ያንሱለት እንጂ" አሉ ኦቦ ጂሬኛ። "ምን ይጠብቃሉ?"

ኦቦ ቀጄላ በሕይወታቸው እንዲህ ወለል ብሎ የተከፈተ በር አጋጥሟቸው አያውቅም። ድንጋዩን ማንሳት፣ "ይቅር ብዬሃለሁ" ማለት፤ ይኸው ነው። ጥፋተኛው ራሱ አምኗል። ጉድጓዱ ተመልሶ ይደፈናል፣ ወርቅቱ ከቧንቧ ትቀዳለች፣ ብዙነህ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ በረንዳው በረንዳ ሆኖ ይኖራል። ማንም፣ መቼም፣ ስለ ኦዳ አይጠይቃቸውም።

ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሱ። ከጠበቁት በላይ ይከብዳል። ብዙነህ የሚያለቅስ ፊቱን ቀና አድርጎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አላቸው። ይሄኔ ድንጋዩን መሬት ላይ ሊጥሉት ፈለጉ፤ እጃቸው አልለቅም አለ።

"ብዙነህ" አሉ፤ "አንተ መካኒክ አይደለህም?"

"ነኝ ጋሼ።"

"ዘይት የሚያፈስ ሞተር ሲመጣልህ ምን ታደርጋለህ?"

ብዙነህ ግራ ተጋባ። "ዱካውን… ዱካውን ወደ ምንጩ እከተላለሁ።"

"እንግዲያ ይህን ጉድጓድ ተመልከት። ከአፉ ጀምሮ ስምንት ሜትር ምን ይመስላል?"

"ንጹህ ነው።"

"ካንተ ግቢ ቢመጣ ከላይ አይጠቁርም ነበር?"

ብዙነህ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ ጉድጓዱ አንገቱን አሰገገ፤ ከዚያ ዞሮ አያቸው። በፊቱ ላይ የነበረው አድናቆት ሲጠፋ ኦቦ ቀጄላ ቆመው አዩት።

"ከታች ነው የመጣው" አሉ። "ከዚያ በረንዳ ሥር። ደረቅ ጉድጓድ ነበረኝ። ያን ሁሉ ዘይት ሰው አልወሰደውም፤ እዚያ ገለበጥኩት።"

ድንጋዩን ወደ ላይ አንስተው በራሳቸው አንገት ላይ አኖሩት። ወደ ወርቅቱ ሄዱና፣ ጉልበታቸው እንደ ልብ አይታጠፍላቸውም፣ መጀመሪያ በአንዱ ከዚያ በሌላው ተንበረከኩ። ዱርሲቱ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ወርቅቱ የምሳውን ሰሐን እንደያዘች ናት። "ስንት ዓመት?" አለች።

"አሥራ ስምንት።"

"ኦዳ ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

ሰሐኑን ጎንበስ ብላ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ሲቀመጥ ትንሽ ተንሻፈፈ፤ አስተካከለችው። "ውሃው ነው የገደለው?"

"አላውቅም" አሉ ኦቦ ቀጄላ። ስንት ሌሊት የፈሩት ቃል ሲወጣ አጭር ነበር። "ወርቅቱ፣ በእግዚአብሔር፣ አላውቅም።"

ወርቅቱ ቀረበች። እጇን ዘርግታ ድንጋዩን ስትነካው ሁሉም አየ፤ ኦቦ ቀጄላም ክብደቱ ትንሽ ቀለል ሲል ተሰማቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጇ እዚያው ላይ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ክብደቱ ተመለሰ።

ሲገልጡ የቀሚሷ ጫፍ ከበሩ ሲወጣ አዩ። ኦቦ ጂሬኛ "ኧረ ይሄ ነገር አይሆንም፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው" ብለው ድንጋዩን ሊያነሱ እጃቸውን ሰነዘሩ።

"ይተውት" አለ ብዙነህ። "የእሷ ነው።"

ብዙነህ የዶማውን አፈር አራግፎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ጋራዡ ሄደ። ኦቦ ጂሬኛም ጥቂት ቆመው ሲያመነቱ ቆዩና ወጡ። ዱርሲቱ ባሏ ፊት መጥታ ተቀመጠች። እጇን ወደ ድንጋዩ አልዘረጋችም። ፀሐይዋ ከአናት አልፋ ወደ ምዕራብ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ኦቦ ቀጄላ አሁንም ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተንበርክከው ነበር።